የማግኔቷ ግዝት

እሑድ እሑድ ፀዳ በምትባለው ሰፈር ባለው ቤታችን በር ላይ የልጅ ልጄ ጓደኞች ሞተራቸውን ይዘው ይሰበሰባሉ። አንዱ ጎንበስ ብሎ ሰንሰለት ይቀባል፣ አንዱ በጨርቅ ይወለውላል፣ ሌላው "የኔን ስሟት እስቲ፣ ድምጿን ስሟት!" እያለ ያስጮኻታል። ሥራ የፈቱ ናቸው ብዬ ብዙ ጊዜ ተቆጥቻቸዋለሁ። በቅርቡ ደግሞ ከየት እንዳመጧት እንጃ፣ ቀለሟ የረገፈ አሮጌ ሞተር አመጡና ሲፈቱ ሲገጥሙ ከርመው ባለፈው እሑድ አስነሷት። እኔ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ምስር እለቅም ነበር። ሞተሯ ሁለት ሦስቴ ሳለችና ተነሣች፤ የቤንዚኑና የተቃጠለው ዘይት ሽታ ግቢውን ሞላው። ምስሩን ከነሰፌዱ መሬት አስቀመጥኩት። "እማማ፣ ጭሱ ነው እንዴ ያስለቀሰሽ?" አለኝ አንደኛው። "አዎ፣ ጭሱ ነው" አልኩት። ምን ልበለው? እነሱ ሳይወለዱ፣ አባቶቻቸውም ሳይወለዱ ያለፈ ሰው ድንገት መጣብኝ ይባላል?

ያ ሰው አያ ዳኘው ነው።

እኛ ጎንደር ስንኖር ሰፈራችን አውቶ ፓርኮ ነበር። ጣሊያን መኪኖቹን ያቆምበት የነበረ ሜዳ ነው፤ ስሙም ከዚያ የቀረ ነው። ጣሊያን ተሸንፎ ሲወጣ ብረቱን ጥሎልን ሄደ። የጎረቤቱ አጥር ግማሹ የጭነት መኪና ላሜራ ነው፤ ዶሮዎቻችን የሚሰፍሩት በተነቀለ የመኪና በር ላይ ነበር፤ እኛ ሴቶቹ ልጆች ዕቃ ዕቃ ስንጫወት ድስታችን የመኪና መብራት ክዳን ነው። ክረምት ሲገባ ዝገቱ እየታጠበ በደጃችን ቀይ ውሃ ይወርዳል። እናቴ "አይ ሰፈር! ጭቃው እንኳ የዛገበት!" እያለች በመጥረጊያ ታባርረው ነበር።

አያ ዳኘው ግድግዳ ለግድግዳ የምንዋሰን ጎረቤታችን ነው። የማዘጋጃ ቤት የውሃ ቧንቧ ጠጋኝ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ ሲስቅ ድምፅ የማያወጣ ሰው። አንዲት ካኪ ኮት ነበረችው፤ ኪሷ ዘወትር በቡሎንና በዳዶ የተወጠረ ስለሆነ ሲራመድ ይንኮሻኮሻል። እሱ መምጣቱን ለማወቅ ቀና ማለት አያስፈልገንም። ሚስቱ እትዬ አንጓችና እናቴ እሳት ሲጫጫሩ፣ እርሾ ሲበዳደሩ የኖሩ ናቸው። አንድ ልጅ ብቻ ነበራቸው፤ አስረስ ይባላል። እሱን ወልደው አልደገሙም፤ እትዬ አንጓች ብዙ ተስላ፣ ብዙ ጸበል ጠጥታ በኋላ ተወችው።

ሰፈሩ ውስጥ ሞተር ያላቸው ሦስት ሰዎች ነበሩ። አያ ዳኘው የሱን ያገኛት ከወለቃ መንገድ በታች ገደል ውስጥ ተገልብጣ ነው። በጠፍር ጎትተው ሲያወጧት መሪዋ ተጣሟል፣ ማርሚታዋ ውስጥ ደግሞ ንብ ሰፍሮባታል፤ ጢሱ የሚወጣበት ቧንቧ ማር ሲወጣበት አስቡት! ሁለተኛው አባቴ ነው፣ ልብስ ሰፊው ተሰማ። የሱ ሞተር አንድ ገበሬ ቤት የዶሮ ቆጥ ሆና ነበርና ኩሷን ፍቆ እስኪጨርስ ክረምት ገባበት። ሦስተኛው ሥጋ ሻጩ አያ ምስጋናው ነው። እሱ በጥጃ ለውጦ ነው ያመጣት፤ ዕድሜ ልኩን "ጥጃዬን የበላች!" እያለ ይሰድባታል፣ ሌላ ሰው ሲሰድባት ግን ይጣላል። ሦስቱም የጣሊያን ወታደር ሞተሮች፣ የአንድ ፋብሪካ ልጆች ስለነበሩ የአንዷ ዕቃ ለሌላዋ ይገጥማል።

መለዋወጫ ከየት ይምጣ? ሁሉንም ከቤት ነበር የሚያወጡት። መቀመጫውን አባቴ ከአሮጌ የበቅሎ ኮርቻ ቆዳ ሰፋላቸው። ፍሬኑን በላም ቆዳ ለበጡት፤ ዝናብ ሲመታው ቆዳው ይለሰልስና ሞተሯ አልቆምም ትላለች፣ ያኔ ማቆሚያው የነጂው እግር ነው። ጎማው ሲቀደድ ጭድ ይጠቀጥቁበታል። ግራሶ ሲያልቅ ከአያ ምስጋናው ሱቅ የበግ ሞራ ይመጣል፤ ሞተሩ ሲግል ሰፈሩ ሁሉ ጥብስ ጥብስ ይሸታል፣ ውሻውም ሁሉ ይከተላቸዋል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሦስቱን ሞተሮች ሜዳው ላይ ደርድረው፣ ነጫጭ ልብሳቸውን እንደለበሱ አጠገባቸው ይቆማሉ። ሰው ይከባቸዋል። "ቀለሟን እይልኝ!" "ያንተማ ሽቅብ አትወጣም፣ ምኑን ሞተር ሆነች?" "ያቺ ማርሽ መቀበሏን ያየህ እንደሆነ ትቀናለህ!" እየተባባሉ እስኪመሽ ይከራከራሉ። ያን ያህል የሚስቁ ትልልቅ ሰዎች ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

ደስታቸው ግን ጎዶሎ ነበር። ከሦስቱ የምትነሣው አንዷ ብቻ ናት። ለሞተሩ እሳት የምትሰጠው ዕቃ፣ ማግኔት የሚሏት፣ ለሦስቱ አንዲት ነበረች፤ የሌሎቹ ሁለቱ ተቃጥለዋል። እሷ ከሌለች ሞተሩ ቢወለወል ቢቀባ ያው ብረት ነው። ታዲያ በተራ እንድትዞር ተስማሙ፣ ልክ እንደ ጽዋ። ቀድሞም የሚካኤል ማኅበርተኞች ነበሩ። ወር በገባ በአሥራ ሁለት ይሰበሰባሉ፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላው ይጠጣል፣ በመጨረሻ ጽዋው ለባለተራው ሲሰጥ ማግኔቷም አብራ ትሰጣለች። አባቴ ለካህናት ካባ ሰፍቶ ከተረፈው ጨርቅ ባለወርቅ ከረጢት አበጀላት። እናቴ "ኧረ ድፍረት ነው!" ብላ አማተበች፤ የሚሰማት አልነበረም።

ግዝቱን ያመጣው አያ ምስጋናው ነው። አንድ ጥር ላይ ተራው ደረሰና ሙሽራ ላጅብ ብሎ ወደ ደንቢያ ወረደ። ከሠርግ ሠርግ ሲዞር፣ ሲበላ ሲጠጣ ከርሞ የአባቴ ተራ አልፎ፣ የአያ ዳኘውም ተራ ሊያልፍ ሲል ተመለሰ። ተሰዳደቡ፣ ተያያዙ፣ የአያ ዳኘው ካኪ ኮት እጅጌዋ ተገንጥሎ ቀረ። ሽማግሌ ገባ። የማኅበሩ ንስሐ አባት ቄስ ንጉሤ ሦስቱን አስቀምጠው መስቀላቸውን አወጡና፣ "ከእንግዲህ ከተራው ውጭ ያነሣት፣ በተራውም ቢሆን ከከተማ አውጥቶ ያሳደራት፣ በሚካኤል ስም የተገዘተ ይሁን" አሉ። ሦስቱም "አሜን" አሉ። ቄስ ንጉሤ ይህን ሲሉ ፈገግ ብለው ነበር ይለን ነበር አባቴ። ቢሆንም ግዝት ግዝት ነው። ግዝት የጣሰ ሰው ቤቱ ይፈርሳል፣ ልጁ ይቀሠፋል እየተባልን ነው ያደግን፤ እናምንም ነበር።

አስረስ ያኔ ገና ጺም ያላበቀለ ጎረምሳ ነው። ያ ልጅ ጆሮ ነበረው! ቤት ውስጥ ተኝቶ በሜዳው የምታልፈውን ሞተር ድምፅ ሰምቶ "የጋሽ ተሰማ ናት"፣ "አሁን ደግሞ ያባቴ ናት" ይላል፤ ተሳስቶ አያውቅም። አንድ ቀን ተራው የአያ ምስጋናው ሆኖ ሰውየው ጠጥቶ ሲያንቀላፋ፣ አስረስ ማግኔቷን ፈታና በአባቱ ሞተር ላይ ገጥሞ ሜዳውን ዞረ። አቧራ ለብሶ፣ ጥርሱ ብቻ እየታየ ይስቃል። እኛ ልጆች እየጮኽን ተከተልነው። አያ ዳኘው ከሥራ ሲመለስ አየው። ፊቱ አመድ መሰለ። ጎትቶ አወረደውና ሰው ሁሉ እያየ በጥፊ መታው። "ግዝት ልታስይዘን ነው? እናትህን ልትገድል ነው?" እያለ ይጮኻል፤ ሲጮኽ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

አስረስ አላለቀሰም። ጥቂት ቀን ሰነበተና አንድ ማለዳ ወደ አስመራ በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ሆኖ ጠፋ።

ከዚያ በኋላ አያ ዳኘው ሌላ ሰው ሆነ። ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ የጭነት መኪኖቹ ወደሚያድሩበት ሄዶ ሾፌሩን ሁሉ ይጠይቃል። "አንድ ልጅ አላያችሁም? ቀጠን ያለ፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለው?" አንዳንዱ "አይተነዋል፣ ደኅና ነው" ይለዋል፤ አንዳንዱ ጭራሽ አይመልስለትም። እቤታችን መጥቶ መደቡ ላይ ይቀመጥና መዳፉን እያየ "በዚህ እጄ እኮ ነው ተሰማ!" ይላል። "ይምጣልኝ ብቻ። ሞተሯን የራሱ አደርጋታለሁ። የማልነካት ልሁን።" አባቴ "ይመጣል፣ ምነው እንዲህ መሆንህ" ይለዋል። ከመስማት በቀር ሌላ የሚያደርግለት አልነበረም።

ወሬው የመጣው ክረምቱ ገና ሳይወጣ፣ በመስከረም መባቻ ነው። ሊማሊሞ ላይ መንገዱ ተንዶ መኪና ከቆመ ሰንብቷል። አንድ የጭነት መኪና ረዳት ናዳውን በእግሩ ተሻግሮ፣ ከደባርቅ በተሳፈረበት መኪና ጎንደር ገባና አያ ዳኘውን ጠይቆ ጠይቆ ሰፈራችን አገኘው። ጠዋት ነበር። አስረስ አዲ አርቃይ አንዲት ሴት ቤት በወባ ወድቋል፣ ብሶበታል፣ "አባቴን ጥሩልኝ፣ በሞተር ይምጣ" ብሏል አለ።

መኪና እንደማያልፍ ሁሉም ያውቃል። ሞተር ግን ታልፋለች፤ ናዳው ላይ ሰው ካገኘች በሸክምም ትሻገራለች። ያን ጠዋት የተነሣ ሰው ሲመሽ አዲ አርቃይ ይገባል። ማግኔቷ ደግሞ የዚያን ወር እኛ ቤት ነበረች። አባቴ ከግድግዳው አውርዶ ከረጢቷን በአያ ዳኘው አንገት ላይ አጠለቀለት።

"ሂድ! አሁኑኑ ሂድ! ተራው የኔ ነው፣ ሰጥቼሃለሁ።"

አያ ዳኘው ቀስ ብሎ አወለቃትና መደቡ ላይ አስቀመጣት። "ማደሯስ?" አለ።

"ትደር! የፈለገችውን ያህል ትደር!"

"ተገዝቻለሁ እኮ ተሰማ።"

እናቴ ደረቷን መታች። "ምነው አያ ዳኘው! ልጅህ ነው እኮ! ሚካኤል ስለ ታመመ ልጅ ይቆጣል?"

"ለልጄ ብዬ ነው የማልነካት" አላት። "ለራሴማ ይቅሠፈኝ፣ ምን ገዶኝ። ግን ግዝት የጣሰ ሰው ቅጣቱ የሚያርፈው የት ነው? ልጁ ላይ አይደለም? ልጄ ከሞት ጋር እየታገለ እኔ ግዝት ጥሼ ልድረስበት? ሄጄ በእጄ ልግደለው?"

አባቴ ከረጢቷን መልሶ አነሣት። "እንግዲያው እኔ ልሂድ። ግዝቱ በኔ ላይ ይሁን፣ አንተ ከኋላዬ ተቀመጥ።"

አያ ዳኘው ዞር ብሎ እኔን አየኝ። ምሰሶውን ተደግፌ ቆሜ ነበር። "ያንተስ ልጅ?" አለው አባቴን። "የኔን ላድን ብዬ ያንተን ላሲዝ?"

አባቴ ከረጢቷን መልሶ መደቡ ላይ አስቀመጣት። ወደኔም አላየ። ስለዚያች ደቂቃ አባቴ እስኪሞት ድረስ አንድም ቀን አውርቶ አያውቅም፤ እኔ ግን ፈርቶልኝ እንደነበረ አውቃለሁ፤ አልፈርድበትም።

ሌላ ቄስ ተጠየቁ። "እኔ ያላሰርኩትን እንዴት አድርጌ እፈታለሁ?" አሉ። ያሰሩት ቄስ ንጉሤ ደግሞ በመሬት የተጣሉ ዘመዶቻቸውን ለማስታረቅ ማክሰኝት ወርደዋል። አዲ አርቃይ በሰሜን ነው፣ ማክሰኝት በደቡብ። እትዬ አንጓች የሚሆነውን ስትሰማ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና "አንተ ግዝትህን አስፈታ፤ እኔ እግር አለኝ" አለችው። ጥሬ በቋጠሮ ይዛ ወጣች። እሱም ወጣ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ እሷ ወደላይ፣ እሱ ወደታች፣ ጀርባና ጀርባ ሆነው ሲለያዩ አየኋቸው። አንዳቸውም ዞር ብለው አላዩም።

ዝናብ ነበር። መኪና ቢለምን የሚያቆምለት አጣ። አዘዞን፣ ከዚያም ያኔ ባዶ ሜዳ የነበረችውን ይቺን የዛሬዋን ሰፈሬን ፀዳን አልፎ፣ መሽቶበት መንገድ ዳር አድሮ፣ በማግስቱ ረፋድ ላይ ማክሰኝት ደረሰ። የሆነውን በኋላ የነገሩን ራሳቸው ቄስ ንጉሤ ናቸው፤ እቤታችን ተቀምጠው እያለቀሱ። ዋርካ ሥር ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው ሳለ አንድ ጭቃ የለበሰ ሰው መጥቶ እግራቸው ሥር ተደፋ። መጀመሪያ አላወቁትም።

"አባ፣ ይፍቱኝ። አስረስ ታሟል፣ ማግኔቷን ይዤ ልሂድ።"

"የት ነው ያለው?"

"አዲ አርቃይ።"

"መቼ ሰማህ?"

"ትናንት ጠዋት።"

"ትናንት ጠዋት! ታዲያ ወደዚህ ምን አመጣህ?" ቄስ ንጉሤ ብድግ አሉ። "ዳኘው፣ እኔ እኮ ለሦስት ጎልማሶች ጠብ ብዬ ያሰርኩት ነው! እንዳትፋጁብኝ ብዬ! ልጁ የታመመበት ሰው አይሂድ ብያለሁ? መቼ አልኩ? መቼ ነው እንዲህ ያልኩት?"

አያ ዳኘው ከተደፋበት ቀና ብሎ አያቸው። "ያን ጊዜ ገባው" አሉን ቄስ ንጉሤ። "ከዓይኑ ላይ አየሁት፣ ልጆቼ። ያየሁትን ጠላቴ እንኳ አይየው።" መስቀላቸውን ራሱ ላይ አስቀምጠው "እግዚአብሔር ይፍታህ" ሲሉት ተነሥቶ እየሮጠ ነበር፤ እሳቸውም መስቀሉን ይዘው ሮጡና የእህል መኪና መንገድ ላይ ቆመው አስቆሙለት።

ማታ ጎንደር ገባ። ውሃ እንኳ አልቀመሰም። ከአባቴና ከአያ ምስጋናው ጋር ማግኔቷን ሲገጥሙ ቆዩና ጎሕ ሲቀድ ሞተሯ ተነሣች። አያ ምስጋናው ያ ሁሉ ቀልደኛ ሰው ቤንዚን የሞላ ጠርሙስ በጋቢው ጠቅልሎ ጀርባው ላይ እያሰረለት "የኔ ጥፋት ነው፣ የኔ ጥጋብ ነው" ይላል። አያ ዳኘው ሞተሯ ላይ ወጥቶ ነዳ። የሞተሯ ድምፅ በወለቃ በኩል እየራቀ እየራቀ ሄዶ ሲጠፋ እናቴ ደጃፉ ላይ ተንበርክካ ነበር።

የቀረውን እትዬ አንጓች ለእናቴ ስትነግራት ሰማሁ። ሊማሊሞ ቁልቁለቱ ላይ ደረሰባት። ግማሹን በእግሯ ግማሹን በለመነችው መኪና እዚያ ደርሳለች። አፈናጠጣት። ናዳው ላይ የመንገድ ሠራተኞች ሞተሯን በትከሻቸው ተሸክመው አሻገሯቸው። የቆዳው ፍሬን በዝናቡ ሟሙቶ ስለነበር ያን ሁሉ ገደል ሁለቱም እግራቸውን መሬት እየጎተቱ ወረዱት፤ ጫማው አልቆ ተረከዙ ደምቷል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አዲ አርቃይ ገቡ። ሴትዮዋ የሞተሩን ድምፅ ሰምታ ከቤቷ ወጣች። ሁለቱን አየቻቸውና አፏን በመዳፏ ያዘች።

"ትናንት ቀበርነው" አለቻቸው።

ትናንት ማለት አያ ዳኘው ማክሰኝት ጭቃ ላይ የተደፋበት ቀን ነው። ልጁ የሞተው ያን ዕለት ሊነጋጋ ሲል ነበር። ወሬውን የሰማ ጠዋት ቢነሣ ኖሮ ማታውን በሕይወት ያገኘው ነበር፤ ይድን ነበር አልልም፣ እሱን የሚያውቀው አንድ አምላክ ነው፤ ግን ያገኘው ነበር። ሴትዮዋ ደግሞ ደግ ሰው ነበረችና ሁሉን ነገረቻቸው፤ ምናለ ባትነግራቸው! "ማኪና በሰማ ቁጥር ከትራሱ ቀና ይላል" አለቻቸው። "'ይሄ የጭነት ነው' ይለኝና መልሶ ይተኛል። 'አባቴ በሞተር ነው የሚመጣ፤ ድምጿን አውቃታለሁ፣ ስትመጣ እነግርሻለሁ' ይለኝ ነበር። ነፍሱ እስክትወጣ ጆሮው ደጅ ነበር።"

ሲመለሱ ሰፈሩ ሁሉ ሜዳው ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። አያ ዳኘው ሞተሯን ከከተማው ዳር ጀምሮ አጥፍቶ እየገፋ መጣ። ከኋላው እትዬ አንጓች የአስረስን ቁምጣና ነጠላ ደረቷ ላይ አቅፋለች። ማንም አልጠየቀም። ጩኸቱን የጀመረችው እናቴ ናት። አያ ዳኘው ሞተሯን እንደ ሁልጊዜው ከግድግዳው ጋር አስጠግቶ አቆማትና ገባ። ለቅሶው እስኪያበቃ ድረስ ጠጉሩን አልተላጨም፣ ፊቱን አልነጨም፣ እጁን ጭኑ ላይ ዘርግቶ እያየ ተቀመጠ። ቄስ ንጉሤ መጥተው መግባት አቅቷቸው ደጅ ቆሙ። ያን ጊዜ ተነሥቶ ወጣና መስቀላቸውን ተሳለመ። "እርስዎ ምን አደረጉ፣ አባ" አላቸው። "እኔ ነኝ የፈራሁ።"

በሚቀጥለው ሚካኤል ማኅበሩ ተሰበሰበ። ተራው የአያ ዳኘው ነበር። ከረጢቷን ሲሰጡት አልተቀበለም። "እቺን ለማንም በተራ አትስጡ" አለ። "ግዝቷም ይፈታ። እዚሁ ተሰማ በር ላይ ትሰቀል። ሰው የታመመበት፣ ሰው የጠራው ያንሣት፤ ሌሊትም ቢሆን ሳያንኳኳ ያንሣት።" ቄስ ንጉሤ ፈቷት። አያ ምስጋናው እንደ ሴት ጮኾ አለቀሰ። ከረጢቷ በራችን መቃን ላይ ተሰቀለች፤ አባቴ ወደ ውስጥ ሊያስገባት ሲል እናቴ ትከለክለው ነበር።

አያ ዳኘው ከዚያ ወዲያ ሞተር አልነዳም። ቧንቧውን መጠገኑን ቀጠለ። እሑድ እሑድ ሜዳው ላይ መሳቁ ቀርቶ ነበር፤ ሌሎቹ ሲያስነሡ ግን እሱ ቤት ውስጥም ቢሆን ቀና ይላል፣ ጥቂት ያዳምጣል፣ ያጎነብሳል። እኔን ያይ እንደሆነ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚለኝ። ታናሽ ወንድሜ እየጠራኝ ዕቃ ዕቃዬን አልጥልም ስል ከአጥሩ ማዶ "ጥሩዬ፣ ሲጠሩሽ ተነሺ" ይለኛል። "ተገቢ ይሁን አይሁን መንገድ ላይ ታስቢዋለሽ። በቅድሚያ ተነሺ።" ልጅ ነበርኩና ጨቅጫቃ ይመስለኝ ነበር። እኔ አግብቼ ከሰፈሩ ከወጣሁ በኋላ ሞተ፤ እትዬ አንጓችም ብዙ አልቆየችም።

ዘመን አለፈ። ባሌ ሞተና አርባው ደረሰ። ድንኳን ተጥሎ፣ ካህናቱ ተሰይመው፣ ከየአገሩ የመጣ ዘመድ ማዕድ ሊቀርብለት ሲል ልጄ ባሕር ዳር ሆስፒታል ገብቷል የሚል የስልክ መልእክት ጎረቤት መጥታ ነገረችኝ። ማማሰያ ይዤ ነበር። የባሌ እህቶች ከበቡኝ። "እንግዳ ጥለሽ የት? የባልሽን አርባ? ሰው ምን ይላል? ጸሎቱ ይለቅና ትሄጃለሽ።" እውነታቸውን ነው፤ እንዲህ ያደረገች ሴት አይቼ አላውቅም። ለአፍታ እግሬ ተያዘ። ያን ጊዜ ወደ ማክሰኝት በዝናብ የሚሄደው ጎባጣ ጀርባ ታየኝ። ማማሰያውን ለባሌ እህት ሰጠኋትና በሽሮ በተነካ ቀሚሴ፣ በነጠላ ጫማዬ ወጣሁ።

እስከ ዛሬ ያሙኛል። የባሏን አርባ ጥላ የሄደች ይሉኛል፤ ይበሉኝ። ባሕር ዳር ስደርስ ልጄ ዓይኑን በር ላይ ተክሎ ነበር። "መጣሽ?" አለኝ። "መጣሁ" አልኩት። ተረፈልኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ባይተርፍልኝም ኖሮ ግን ደርሼለት ነበር።